«ኤቲዮፕስ»፦ የአንድ የላቲን ስም እርባታና የስማችን ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን የአንዲት ተማሪ የቤት ሥራ ነው። ነገሩ ከቁም ነገር የማይቆጠር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ወዳጃችን ቤት ከምሳ በኋላ በተነሣው ክርክር ላይ የተገኙ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ ከዚሁ የቤት ሥራ የመነጨው ጥያቄ አንጋፋ ሰዎችን እስከ ምሽት አነታርኳል። በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የቆየ ወዳጃችን ልጅ በትምህርት ቤቷ ላቲን ትማራለች። መምህርዋ ለተማሪዎቹ፣ ከወላጆቻችሁ የትውልድ አገር ጋር የሚገናኝ አንድ የላቲን ስም መርጣችሁ በየሙያው አርቡ የሚል ትእዛዝ ሰጡ። ልጅቷም መዝገበ ቃላት ገልጣ «ኤቲዮፕስ» የሚለውን ስም አገኘች። ፍቺው በመጀመሪያ «ኢትዮጵያዊ»፣ ቀጥሎ «ጥቁር ሰው» ይላል፤ ምንጩ የግሪክ ቃል መሆኑንና የዚያም ትርጉም «ፊቱ የተቃጠለ» መሆኑን ያክልበታል። «አባዬ፣ ይህ እኛ ነን?» ስትል ጠየቀች። አባትየው በሙያው መሐንዲስ ነው፤ መልስ ስላጣ ጥያቄውን ይዞት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ።

ክርክሩ ሦስት መልክ ያዘ። አንደኛው ወዳጃችን «ይህ ባዕዳን የለጠፉብን የስድብ ስም ነው፤ ጥለን ሐበሻ በሚለው ብቻ እንጠራ» አለ። ሁለተኛው ተቆጣ፤ «ስማችን ከካም ዘር ከነገሠው ከኢትዮጵስ የመጣ ነው፤ ከግሪክና ከላቲን ጋር አንዳች ዝምድና የለውም» አለ። ሦስተኛው፣ በፖለቲካ ሳይንስ የሠለጠነው፣ «አገር በእሳት እየነደደ እናንተ የላቲን ስም ታረባላችሁ» ብሎ ቡናውን ጨርሶ ሄደ። ለሦስተኛው መልስ የለንም፤ ምናልባት እውነት ሳይኖረው አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ምንም እንኳ እርስ በርሳቸው ቢጣሉ በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ። ሁለቱም አንድ ስም አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ እንደ ተሰጠ ይኖራል ብለው ያምናሉ። የስሙ እርባታ የሚያሳየን ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለመግለጽ እንወዳለን።

ላቲን ስምን የሚያረባው በመጨረሻው ድምፅ ነው። እኛ «ኢትዮጵያዊው መጣ፣ ኢትዮጵያዊውን አየሁ፣ የኢትዮጵያዊው ቤት፣ ለኢትዮጵያዊው ሰጠሁ፣ ከኢትዮጵያዊው ተቀበልሁ» እያልን በ«ን»፣ በ«የ»፣ በ«ለ»ና በ«ከ» የምንለየውን ሙያ ላቲን የስሙን ጭራ እየለዋወጠ ይለየዋል። የላቲን ስሞች አምስት ምድብ ሲኖራቸው «ኤቲዮፕስ» በሦስተኛው ይመደባል። ባለቤት ሲሆን «ኤቲዮፕስ»፣ አገናዛቢ ሲሆን «ኤቲዮፒስ»፣ ተቀባይ ሲሆን «ኤቲዮፒ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ኤቲዮፔም»፣ መነሻ ሲሆን «ኤቲዮፔ» ይላል፤ ሲጠሩት ደግሞ እንደ ባለቤቱ «ኤቲዮፕስ» ነው። ሲበዛ «ኤቲዮፔስ»፣ የብዙው አገናዛቢ «ኤቲዮፑም»፣ ተቀባዩና መነሻው «ኤቲዮፒቡስ» ይሆናል። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ እንግዳ በመሆኑ ተሳቢውን በግሪክኛው ጭራ «ኤቲዮፓ»፣ ሲበዛም «ኤቲዮፓስ» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የአገሩ ስም «ኤቲዮፒያ» ግን በመጀመሪያው ምድብ ስለሆነ እርባታው ቀላል ነው፤ አገናዛቢው «ኤቲዮፒኤ»፣ ተሳቢው «ኤቲዮፒያም» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በግሪክና በላቲን ቀዳሚው የሰው ስም ነው፤ የአገሩ ስም ከሰዎቹ ስም ተወለደ። በአማርኛና በግዕዝ ደግሞ ቀዳሚዋ አገር ናት፤ «ኢትዮጵያዊ» ከ«ኢትዮጵያ» ይወጣል። አንድ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ልጁ አባት፣ አባቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ስለ ኢትዮጵስ ስንናገር እንመለስበታለን።

ለመሆኑ የጥንት ሮማውያን «ኤቲዮፕስ» ሲሉ ማንን ማለታቸው ነበር? በአብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ በተለይም መናገሻው ሜሮዌ የነበረውን ሕዝብ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚገኘውን የጃንደረባውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአራተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በቅዱስ ሄሮኒሞስ ሥራ በተጀመረው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዚያ በአንድ ቁጥር ውስጥ ስሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ጃንደረባው «ኤቲዮፕስ» ተብሎ በባለቤት ሙያ፣ ንግሥቲቱ ደግሞ የ«ኤቲዮፑም» ማለት የኢትዮጵያውያን ንግሥት ተብላ በብዙ አገናዛቢ ሙያ። ህንደኬ እያልን የምንጠራት ያቺ ንግሥት የሜሮዌ እንጂ የአክሱም አልነበረችም። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይ የሙሴ ሚስት «ኤቲዮፒሳ» ተብላ በአንስታይ ጾታ ትጠራለች፤ ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 ቆዳውን መለወጥ ስለማይችለው ሰው ሲናገርም ላቲኑ ይህንኑ «ኤቲዮፕስ» ያስገባል። በእነዚህ በሁለቱ የብሉይ ኪዳን ቦታዎች ዕብራይስጡ የሚለው «ኩሽ» ነው።

«ፊቱ የተቃጠለ» የሚለው ትርጉም ስድብ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ የተሟላ መልስ የሰጡት የእኛው ጎረቤት ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ደቡብ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሳያይ አያልፍም። በዚያ የግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበሩት፣ በቨርጂኒያ የተወለዱት ጥቁር አሜሪካዊ ፍራንክ ስኖውደን በ1970 ስለ ጥቁሮች በጥንታዊው ዓለም አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በ1983 ደግሞ ሁለተኛውን አስከትለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን «ኤቲዮፕስ» የሚለውን ስም በግሪክና በሮማ ጽሑፎች፣ በሸክላዎችና በሐውልቶች ላይ ሲያሳድዱ ኖረው በ2007 አረፉ። የደረሱበት መደምደሚያ፣ ግሪኮችና ሮማውያን የቆዳ ቀለምን አስተውለው ስም ቢያወጡለትም፣ በኋለኛው ዘመን እንደታየው ያለ የቀለም ጥላቻ አልነበራቸውም የሚል ነው። ሊቃውንት በዝርዝሩ ተከራክረውባቸዋል፤ እኛም ራሳችን በሮማ ቀልደኛ ጸሐፊዎች ዘንድ ያለውን ፌዝ ትንሽ አቅልለው አይተውታል እንላለን። በዋናው ነገር ግን ትክክል ይመስሉናል። ሰውን በፊቱ ቀለም መሰየም በእኛም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንጠራራለን፤ ስድብ የሚያደርገው የተናጋሪው አንደበት ነው።

አንደበቱ የተበላሸው ዘግይቶ ነው፤ ከተበላሸባቸውም ቦታዎች አንዱ ዛሬ የምንኖርበት ምድር ነው። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያ የእንግሊዝ አገረ ገዥ የነበረው ሎርድ ደንሞር፣ ከዐመፀኞች ጌቶቻቸው አምልጠው ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሚዋጉ ባሮች ነፃነት እንደሚሰጥ ዐዋጅ አስነገረ። ያሰለፈው ጦር «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ይባል ነበር። ከመካከላቸው የአገራችንን ምድር ያየ አንድም ሰው እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ስሙ የመጣው ከዚሁ «ኤቲዮፕስ» ነው። አብዛኞቹን ፈንጣጣ ፈጃቸው። ከአሌክሳንድሪያ ጥቂት ማይል በስተደቡብ ከሚገኘው ከማውንት ቨርነን፣ ከጆርጅ ዋሽንግተን ርስት፣ ሃሪ ዋሽንግተን የተባለው ባሪያ በ1776 አምልጦ ከእንግሊዞቹ ወገን ገባ፤ በ1783 ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ በ1792 ደግሞ ወደ ሴራ ሊዮን ተሻገረ። በዚያን ጊዜ በእነዚህ ሰዎች አፍ «ኢትዮጵያ» የነፃነት ስም ነበር። ጌቶቻቸው ግን ይህንኑ ቃል ለመዘባበቻ ይጠቀሙበት ጀመር። በአውሮፓም ብሉመንባኽ የተባለው የጀርመን ሐኪም በ1795 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዘር በአምስት ከፍሎ አንዱን ክፍል «ኤቲዮፒካ» አለው። ከዚያ በኋላ ስሙ መድረሻ አጣ። መድኃኒት ቀማሚዎች ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራውን ጥቁር ዱቄት «ኤቲዮፕስ» ብለው ይጠሩት ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ በዚህ አገር ለሠርግ የሚያዘው ነጭ አበባም «ኤቲዮፒካ» የሚል የሳይንስ ስም አለው፤ አገራችንን ግን አያውቃትም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከጎብኚ እጅ ሙዝ የምትነጥቀው ጦጣ «ኤቲዮፕስ» መባሏ ቢያንስ በዜግነት ረገድ ስሕተት የለበትም።

የመጀመሪያው ወዳጃችን እስካሁን ያልነውን ቢያነብ «ታዲያ ልክ ነበርሁ፤ ስሙን እንጣለው» ይል ይሆናል። ሆኖም ስሙን ማን ሰጠን የሚለውን ጥያቄ ገና አልመለስንም። መልሱ በድንጋይ ላይ ይገኛል። በአራተኛው ምእት ዓመት የነገሠው ዒዛና በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ባስቀረጸው ጽሑፍ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል። ግዕዙ «ሐበሠት» በሚልበት ቦታ ግሪኩ «አይቲዮፖን» ይላል፤ ይህም ከላይ ያየነው የላቲኑ «ኤቲዮፑም» የግሪክ ወንድም፣ የብዙ አገናዛቢ ነው። አስተውሉ፤ ድንጋዩን ያስቀረጸው ግሪካዊ ሳይሆን የአክሱም ንጉሥ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ስም በይበልጥ ለሜሮዌ ይሰጥ በነበረበት ዘመን የአክሱም ቤተ መንግሥት በግሪክ ቋንቋ ሲጽፍ ስሙን ለራሱ ግዛት አዋለው። በቀጣዮቹ ምእት ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለስ፣ ግሪኩ የዕብራይስጡን «ኩሽ» «አይቲዮፒያ» ብሎት ስለነበር፣ ተርጓሚዎቹ «ኢትዮጵያ» ብለው ጻፉ፤ ያን ሲያነቡም ራሳቸውን አነበቡ። በመዝሙረ ዳዊት 67 እጆቿን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋው ኢትዮጵያ በሦስቱም ቋንቋዎች፣ በግሪክም፣ በላቲንም፣ በግዕዝም፣ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ናት። በአሥራ አራተኛው ምእት ዓመት ክብረ ነገሥት ሲጻፍ ስሙ የቤት ልጅ ከሆነ ቆይቷል። እንግዲህ ባዕዳን ለጠፉብን የሚለው አባባል ከዒዛና ድንጋይ ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ወዳጃችን ኢትዮጵስን ያነሣል። በመጽሐፈ አክሱም የሚገኘው ይህ ትውፊት፣ ኢትዮጵስ፣ አንዳንዱም ኢትዮጲስ ይለዋል፣ የኩሽ ልጅ እንደሆነና አክሱማዊ የተባለውን እንደወለደ ይናገራል። ይህን ትውፊት የምናከብረው ቢሆንም ስሙን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሁለት ምስክሮች ይቆማሉ። አንደኛው «ጵ» የሚለው ፊደል ነው። «ጰ»ና «ፐ» በፊደል ገበታችን መጨረሻ አካባቢ የተቀመጡት፣ ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ጰራቅሊጦስ በሚሉት ዓይነት በአብዛኛው ከግሪክ በመጡ ቃላት የሚያገለግሉ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው የመጨረሻው «ስ» ነው። «ኢትዮጵስ» ከሚለው ላይ አናባቢዎቹን ትንሽ ብናሳሳ የምናገኘው ራሱን «አይቲዮፕስ»ን ነው፤ የባለቤት ሙያውን ጭራ እንደያዘ በግዕዝ የቆመ የግሪክ ስም። ይህ የእኛ አስተያየት ነው። ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንጨምር። በ79 ዓ.ም. የሞተው ሮማዊው ፕሊኒዮስ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በስድስተኛው ክፍል፣ አገሪቱ ስሟን ያገኘችው የእሳት አምላክ ከሆነው ከቩልካን ልጅ ከ«ኤቲዮፔ» ነው ይላል፤ ስሙን ያስገባው በመነሻ ሙያ ነው። የአክሱም ደብተራዎች ፕሊኒዮስን አነበቡ አንልም። ነገር ግን በሮማም በአክሱምም ሰዎች ለአገሩ ስም አባት ሲፈልጉለት እዚያው ቃል ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ከላይ በግዕዝ ዘንድ አገር ከሰው ቀደመች ብለን ነበር፤ የኢትዮጵስ ትውፊት ሰውን ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ከአገሩ በፊት፣ ይመልሰዋል።

ከዚህ በኋላ ስሙ እንደገና ወደ ላቲን ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ግን አስገቢዎቹ እኛው ራሳችን ነን። በሮማ በቫቲካን ውስጥ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ የነበሩት አባቶች ታሪክ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተምሮ የግዕዝ ዳዊት በሮማ አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ተሳሳተ። በ1540 ዳሚያኦ ደ ጎይስ በሉቫን ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ርእስ ላይ ሃይማኖቱና ልማዱ የ«ኤቲዮፑም» መሆኑ ተጽፏል፤ ከውስጡ ዋነኛው ቃል የአጼ ልብነ ድንግል መልእክተኛ የነበሩት የአባ ጸጋ ዘአብ ነው። ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 በግዕዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን በላቲን «ፔትሩስ ኤቲዮፕስ» ይባሉ ነበር። በ1552 ማርያኖ ቪቶሪ በእርሳቸው ርዳታ የመጀመሪያውን የታተመ የግዕዝ ሰዋስው በላቲን አወጣ። በዚያው ዓመት አባ ተስፋ ጽዮን ዐረፉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኢዮብ ሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ግንኙነት ነው። ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ተወለደ፤ በ1649 በሮማ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ ማንበብ ይችላል እንጂ መናገር አይችልም፤ በአማራ በመካነ ሥላሴ የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስም ላቲን አያውቁም። ሁለቱ ሰዎች አንደኛው በዐይኑ ብቻ፣ ሁለተኛው በጆሮውም በሚያውቁት በግዕዝ ተግባቡ። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ሄዱ፤ በዚያም በቤተ መንግሥቱ ተቀምጠው ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን ታተመ፤ የኢትዮጵያ ታሪኩ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 በፍራንክፈርት ወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በእርሳቸው አንደበት ይናገራል። በ1681ዱ መጽሐፍ ርእስ ላይ ሉዶልፍ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቅጽል ካስቀደመ በኋላ «ሀቤሲኖሩም» ማለት የሐበሾች መንግሥት ሲል ይተረጉመዋል፤ የቄስ ዮሐንስ መንግሥት እየተባለ በስሕተት መጠራቱንም በዚያው ያርማል። የዒዛና ድንጋይ ጎን ለጎን ያቆማቸው ሁለት ስሞች ከ1300 ዓመታት በኋላ በአንድ የላቲን ርእስ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ በላቲን ስለተሠራ ግዕዝ በላቲን ሳጥን ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ስድስት መሳቢያ አለው፤ በየመሳቢያው አንድ ሙያ ይቀመጣል። ግዕዝ ግን ስድስት ሙያ የለውም። እኛ ራሳችን በዚህ ሳጥን ምን ያህል እንደ ተያዝን የተረዳነው በኀፍረት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከዶክትሬት ትምህርታችን ያመጣነውን ዕውቀት ይዘን በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ስለ ግዕዝ ሰዋስው ንግግር አደረግን። «በግዕዝ የአገናዛቢነት ሙያ የሚታወቀው የስሙ የመጨረሻ ፊደል ወደ ግዕዝ ድምፅ ሲለወጥ ነው፤ ለምሳሌ፦ ንጉሠ ኢትዮጵያ» አልን። ከኋላ ወንበር አንድ አረጋዊ መምህር ተነሡ። ጎጃም ቅኔ አስተምረዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን በአሌክሳንድሪያ በአንድ ፓርኪንግ ሌሊት ሌሊት ይሠሩ ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ» አሉ። «ንጉሠ ኢትዮጵያ ካሉ ዘርፉ ማን ነው?»

«ኢትዮጵያ ናት፣ የኔታ» አልን።

«ባለቤቱስ?»

«ንጉሡ።»

«ታዲያ የተለወጠው ማን ነው? የተናበበው ንጉሡ አይደለምን? ኢትዮጵያማ ምን ሆነች?»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኛም ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረንም። መምህሩ ትክክል ነበሩ። ላቲን «ሬክስ ኤቲዮፒኤ» ሲል «ሬክስ»፣ ማለት ንጉሡ፣ እንዳለ ነው፤ ጭራዋን የለወጠችው ኢትዮጵያ ናት። በላቲን የሌላው ገንዘብ የሆነውን የሚያመለክተው የባለ ገንዘቡ ስም መለወጥ ነው። በግዕዝ ግን ንጉሥ «ንጉሠ» ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ያዘነብላል፤ ኢትዮጵያ ባለችበት ትቆማለች። ቤት «ቤተ መንግሥት»፣ ሊቅ «ሊቀ ሊቃውንት»፣ ጸሐፊ «ጸሐፌ ትእዛዝ» የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው። አማርኛችን ይህን ሕግ ረስቶት እንኳ ቃላቱን በየቀኑ ይጠቀምባቸዋል። ይኸው ድምፅ ደግሞ ተሳቢንም ያመለክታል፤ «ርእየ ንጉሠ» ቢባል ንጉሥን አየ ማለት ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ሥራ መሥራቱ ለባለ ስድስት መሳቢያው ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ለቅኔ ተማሪ ግን ከንባብ ቤት ጀምሮ የለመደው ነገር ነው። ዲልማን በ1857 ባሳተመው ትልቁ ሰዋስው ይህን በሚገባ ለይቶ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ስሕተቱ የእኛ እንጂ የፈረንጅ ሁሉ አይደለም።

ኢትዮጵያ የሚለው ስም በረጅም «ያ» ስለሚያልቅ በግዕዝ በመናበብ አይለወጥም። በግዕዝ ለተጸውዖ ስም ተሳቢ «ሃ» የሚጨመርበት ሥርዐት አለ፤ «ዮሐንስሃ» እንደሚባለው። ከዚህ በቀር ስሟ እንዳለ ነው። በላቲን ግን በየሙያው ጭራዋን ስትለዋውጥ አይተናል። ይህን የምንለው ግዕዝን ከላቲን ለማስበለጥ አይደለም። ቋንቋ በሰዋስዉ አይመካም፤ የሚመካ ሰው ካለም መጀመሪያ የአማርኛን ግሥ ለባዕድ አስተምሮ ይሞክረው።

የሳጥኑ ዋጋ ግን ከባድ ነበር። የዲልማን መዝገበ ቃላት በ1865 በላይፕሲሽ ሲታተም ግዕዙን የሚፈታው በላቲን ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ የአባቶቹን ቋንቋ እጅግ በተሟላው መዝገብ ለመመርመር አስቀድሞ የሮማውያንን ቋንቋ መማር ነበረበት። የእኛ ትውልድ ተማሪዎች በየአውሮፓና አሜሪካ ዩኒቨርሲቲው ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እንግሊዝኛው የሌስላው መዝገበ ቃላት በ1987 እስኪወጣ ድረስ ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። በአገር ቤት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው አሳደጉት፤ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አሳተሙት። (ከላይ የገባነውን ቃል በዚህ አንድ ቦታ ብናፈርስ፣ መጽሐፉ የሚታወቀው በዚሁ ዓመት ስለሆነ ነው።) ያ መጽሐፍ ግዕዝን በአማርኛ ይፈታል፤ ዘርፍን ዘርፍ፣ ባለቤትን ባለቤት ይላል። ክፍለ ጊዮርጊስ በሮማ ኢኛሲዮ ጉዊዲን በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ የረዱት ሰው ናቸው፤ ያም በ1901 ታተመ። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ በሌላ ስም ተመልሰው መጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ሥራ አንድ ጫፍ እኛ በምንኖርበት ከተማ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ታኮማንና ፎርት ቶተንን አልፎ ብሩክላንድ ላይ ቢወርድ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። የምሥራቅ ክርስቲያኖችን ጽሑፎች በተከታታይ የሚያሳትመው ትልቁ ጉባኤ መጻሕፍት በዚህ ዩኒቨርሲቲና በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ስም የሚወጣ ነው፤ የእኛው ክፍል «ስክሪፕቶሬስ ኤቲዮፒቺ» ማለት የኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ይባላል። በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በዚህ ተከታታይ ውስጥ የአቡነ በጸሎተ ሚካኤልና የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ገድል ከላቲን ትርጉም ጋር ወጣ። በኋለኛው ዘመን በዚያው ተከታታይ ውስጥ የአጼ ዘርአ ያዕቆብን ድርሰቶች ያሳተሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የተረጎሙትም ወደ እንግሊዝኛ ነው። በሚኒሶታ በስደት ሲሠሩ ኖረው በ2021 ዐረፉ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በሌላ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር እቤታችን መጥታ ሠንጠረዡን አሳየችን። አሥራ ሁለቱንም ቦታ በትክክል ሞልታለች። ከ«ጥቁር ሰው» ጎን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አስቀምጣ ነበር፤ ስለ ዒዛና ድንጋይ ስንነግራት ምልክቱን ሳትሰርዘው ከሥሩ «አክሱም» ብላ ጻፈች። አባቷ እንድትሰርዘው ሊያዝዛት አስቦ ተወው። ቀጥሎም መምህርዋ የሰጧት አንድ ተጨማሪ ሥራ እንዳለ ነገረችን፤ «የምንኖረው በአሌክሳንድሪያ ነው» የሚለውን በላቲን መጻፍ ነበረባት። ይህች አሌክሳንድሪያ በ1749 ስትቈረቈር ስሟን ያገኘችው መሬቱ የእነርሱ ከነበረው ከአሌክሳንደር ቤተሰብ እንጂ እስከ 1951 ድረስ ጳጳስ ይሾምልን ከነበረው ከእስክንድርያ መንበር እንዳልሆነ አስረዳናት፤ እርስዋ ግን ያስቸገራት ጭራው ነበር። ላቲን በተለይ ለከተሞች ስም ያስቀረው «በዚህ ቦታ» የሚል አሮጌ ሙያ አለ፤ በመጀመሪያው ምድብ ለነጠላ ስም መልኩ ከአገናዛቢው ጋር አንድ ነው።

«ታዲያ አሌክሳንድሪኤ ብዬ ስጽፍ የአሌክሳንድሪያ ነን ማለት ነው ወይስ በአሌክሳንድሪያ ነን ማለት?» አለች።

ጽሕፈቱ ሁለቱንም አይለይም አልናት። የሚለየው ግሡ ስለሆነ «እንኖራለን» የሚለውን አስከትላ ጻፈችው።